«እንደፈለግህ» የምትለዋን የመጨረሻ ቃል መልሱልን

ለልብ ወለዱ አሳታሚ ድርጅት፣ ለዋና አርታኢው እና ለአዲሱ እትም አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ ሳይነገረን ስለተቀየረው የመጨረሻ ምዕራፍ

የተከበራችሁ አሳታሚዎችና አርታኢዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ በየወሩ አንድ መጽሐፍ እያነበብን የምንወያይ 22 ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የክበቡ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። ባለፉት 7 ወራት ሁለት ጊዜ ለብቻችሁ ጽፈንላችኋል። ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አላገኘንም። ለሁለተኛው የመጣው መልስ ሦስት መስመር ነው። ስለዚህ ይህኛውን ሌላውም አንባቢ እንዲያየው በግልጽ ጻፍነው። የመጽሐፉን ስም አልጠራም፤ የእናንተንም አልጠራም። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ማንንም ማሳጣት አንፈልግም። የምንፈልገው ነገሩ እንዲስተካከል ነው።

ታሪኩን ላላነበበ ሰው በአጭሩ ልንገር።

አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ይዋደዳሉ። 4 ዓመት አብረው ይቆያሉ። እሱ ቁጥብ ነው፤ የልቡን በቃል ማውጣት ይከብደዋል። በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ አብረው ሲሄዱ መንገዱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። «በየት በኩል እንሂድ?» ትለዋለች። «እንደፈለግሽ» ይላታል። እዚያ ላይ ይህች ቃል ፍቅር ናት። ከአንቺ ጋር ከሆንኩ የትም ይሁን ማለቱ ነው። እሷም ገብቷት ትስቃለች።

ከዚያ ሩቅ ቦታ ሥራ ታገኛለች። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ማታ፣ የቤቷ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ትጠይቀዋለች። «ልቅር ወይስ ልሂድ?» ቅሪ ሊላት ይፈልጋል። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። ግን ይፈራል። ዕድሌን ዘጋብኝ ብላ አንድ ቀን ትወቅሰኛለች ብሎ ይፈራል። ኩራትም አለበት፤ ከወደደችኝ ራሷ ትቅር ይላል በሆዱ። «እንደፈለግሽ» ይላታል። ያችው ቃል ናት። አሁን ግን ፊቷ ላይ የተዘጋች በር ሆነች።

ከ31 ዓመት በኋላ ፈልጎ ያገኛታል። ታስገባዋለች። አትቆጣውም፤ ፊቷንም አታጠቁርበትም። ያን ሌሊት እሱ ከሄደ በኋላ ይመለስ ይሆናል ብላ እስኪነጋ ደረጃው ላይ እንደቆየች ትነግረዋለች። ስትነግረው የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ነው የሚመስለው። ሊሄድ ሲነሳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠይቃታል። «አንዳንድ ጊዜ ብደውልልሽ ምን ይመስልሻል?»

«እንደፈለግህ» ትለዋለች፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ያበቃ ነበር።

በአዲሱ እትም ያ ጥያቄ የለም። መልሱም የለም። በሩን ከፍታ ስታየው «ስንት ዓመት ስጠብቅህ!» ብላ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ከዚያ 6 ገጽ አዲስ ምዕራፍ ይከተላል። ይጋባሉ። አብረው ይጓዛሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ።

ቅሬታችን እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው፣ ማንም አልነገረንም። ነገሩን ያወቅነው በጣም በሚያሳፍር መንገድ ነው። ክበባችን መጽሐፉን በድጋሚ ለውይይት መረጠው። ብዙዎቻችን የድሮውን ቅጂ ይዘናል። በቅርቡ የተቀላቀለን አንድ ወጣት ግን አዲሱን ገዝቶ አነበበ። ውይይቱ ላይ «መጨረሻው ደስ ይላል፤ ግን ትንሽ ቶሎ ይቅር አለችው» አለ። ተያየን። አንዱ «መጽሐፉን አልጨረስከውም» አለው። ልጁ ጨርሻለሁ አለ። ሌላዋ ደግሞ «ያላነበቡትን አነበብኩ ማለት ጥሩ አይደለም» ብላ ገሠጸችው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከርን። ልጁ ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበልን። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ርዕሱ አንድ ነው። የደራሲው ስም አንድ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል እንኳ አንድ ነው። የቅጂ መብት ገጹን አየን፤ «አዲስ እትም» ይላል እንጂ «የተቀየረ» አይልም። መግቢያ የለውም። የአርታኢ ማስታወሻ የለውም። 6ቱን ገጽ ማን እንደጻፋቸው የሚናገር አንድ መስመር የለም። ደራሲው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው ያልጻፉት ነገር በስማቸው ተሽጧል ማለት ነው። ያን ወጣት ዋሽተሃል ብለን አሸማቀቅነው። እኛ ይቅርታ ጠይቀነዋል። የእናንተም ይቅርታ ይገባዋል።

ሁለተኛው ቅሬታ ከሁሉም በላይ የከበደን ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ያቺ ቃል ሦስት ጊዜ ነው የምትመጣው። መንገዱ ላይ ፍቅር ናት። ደረጃው ላይ ፍርሃት ናት። በሩ ላይ ሰላም ናት፤ እሱን ግን የምታቃጥል ሰላም። ሰውየው ደረጃው ላይ የሰጣት ቃል 31 ዓመት ዞራ ራሱ ላይ ተመለሰች። ያውም ያለ ምንም ክፋት። ሴትየዋ አልተበቀለችውም። ከልቧ ነው እንደፈለግህ ያለችው። ቢደውል ጥሩ፣ ባይደውልም ጥሩ። የሚያመው ይኼ ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ስድብ ውስጥ ገና ያልበረደ ነገር አለ። እናንተ ሦስተኛዋን አውጥታችሁ ጣላችኋት። አሁን የቀደሙት ሁለቱ ለምን እንደተጻፉ አይታወቅም። አዲሱን ያነበበው ወጣት ስለ ቃሏ ስንጠይቀው አላስተዋላትም ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የምታስታውስ ነገር አልተወላችሁለትም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ይህን ክፍል እንደ አንድ አንባቢ ነው የምጽፈው።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት ከ9 ዓመት በፊት ነው። በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ጨርሼም መብራቱን ማጥፋት አቃተኝ። እኔም የራሴ ደረጃ አለኝ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ የምወደው ሰው «እንደምወድሽ ታውቂያለሽ?» ብሎኝ ነበር። ሳቅኩ። እንደ ቀልድ አለፍኩት። ልቤ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እኔም» ብል ምን ይመጣል ብዬ ፈራሁ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ከዚያ ተራራቅን። አገባ፤ ወለደ። ጥሩ ሰው እንዳገባ ሰምቻለሁ።

መጽሐፉን ባነበብኩበት ሰሞን ለዚያ ሰው መልእክት እየጻፍኩ አጠፋ ነበር። አንድ ቀን እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። ሌላ ቀን እንደገና። ሰውየው በልብ ወለዱ ውስጥ ያን በር ሲያንኳኳ አብሬው ነበርኩ። ክፈቺለት፣ እቀፊው እያልኩ ነበር። እሷ ግን «እንደፈለግህ» አለችው። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በበሩ ወዲያኛው በኩል ያለችውን ሰው አየኋት። ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ገባኝ። ያኛው ሰው የራሱን ኑሮ ሲኖር ነበር። ምንም ዕዳ የለብኝም ብሎ ማሰብ ይችላል፤ እውነቱም ይኼው ነው። አለቀስኩ። መልእክቱን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ አልጻፍኩትም።

ሌላም ነገር ሆነ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በሕይወቴ ነበር። ብዙም ሳይቆይ «ወደፊት ስለ እኛ ምን ታስቢያለሽ? ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልማዴን ታውቁት ይሆናል። «እንደፈለግህ» ልለው ነበር። ቃሏ ምላሴ ላይ ስትደርስ ያ ሰውዬ ደረጃውን ሲወርድ ታየኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ «አብረን እንድንኖር እፈልጋለሁ» አልኩት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ከተጋባን ዘንድሮ 8 ዓመታችን ነው።

እስቲ አስቡት። ያን ሌሊት እጄ የገባው አዲሱ እትም ቢሆን ኖሮስ? በሩን ሲያንኳኳ እየጠበቀችው ነው የሚያገኛት። 31 ዓመት ምንም አልተለወጠም። እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ያን መልእክት እልከው ነበር። የአንድ ቤተሰብ ሰላም አንኳኳ ነበር። አጠገቤ ያለውንም ሰው «እንደፈለግህ» እለው ነበር፤ ለምን አልለውም? ቢዘገይም ይስተካከላል ተብያለኋ።

ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጸጸትን ያጠኑ ሰዎች አሉ። ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት አንድ ነገር አሳይተዋል። በቅርቡ ስለሆነው ስናስብ ያደረግነው ስህተት ይበልጥ ይቆጨናል። መላ ሕይወታችንን ወደ ኋላ ስናይ ግን ይበልጥ የሚቆጨን ሳናደርገው የቀረነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማይክ ሞሪሰንና ኒል ሮዝ 370 አሜሪካውያንን በስልክ ጠይቀው ነበር። ሰዎቹ በብዛት ያነሱት የፍቅር ጸጸትን ነው። ደራሲያችን እነዚህን ጥናቶች አንብበው ይሁን ሳያነቡ አላውቅም። ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን በደንብ ያውቁታል። ሰውየው ምንም ክፉ ነገር አላደረገም። አልዋሸም፤ አልከዳም። አንዲት ቃል ሳይናገር ቀረ። የዚህ ዓይነት ጸጸት ይቅርታ የሚጠየቅበት ቦታ እንኳ የለውም። ለዚህ ነው ሰው ውስጥ እየቆየ የሚከብደው። እናንተ በ6 ገጽ አራገፋችሁለት።

ክበባችን ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡን አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ 5 ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን ደብዳቤ ከመለጠፋችን በፊት አንብበውት ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አንድ ማታ «ዛሬ እዚሁ እደሪ» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ደክሟቸው ስለነበር «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። ጠዋት ሲመጡ አልደረሱባቸውም። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት የድሮውን እትም አንብበን በተወያየንበት ቀን ነው። «የሚያጽናናኝ ሰው ሁሉ ግድ የለም፣ እሱ ተረድቶሻል ይለኛል» አሉ። «ይህ መጽሐፍ ግድ የለም አላለኝም። አብሮኝ ተቀመጠ።»

አዲሱን መጨረሻ ወጣቱ ሲያነብልን እሳቸውም ነበሩ። ሲጨርስ ቀስ ብለው «የሷ ተመለሰላት። የኔንስ ማን ይመልስልኛል?» አሉ። በሚቀጥለው ወር አልመጡም። ቤታቸው ሄደን ነው የመለስናቸው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ይህን እሳቸው ከማንም በላይ ያውቁታል። ይታፈሳል የሚል መጽሐፍ ሲሰጣቸው ተቀለደብኝ ነው ያሉት።

በጽሑፍ መልሳችሁ «አንባቢ ተስፋ ይፈልጋል» ብላችኋል። ልክ ነው፣ እንፈልጋለን። ተስፋው የት እንዳለ ላይ ነው የማንስማማው። በድሮው እትም ለሰውየው ረፍዶበታል። መጽሐፉን ለያዘው ሰው ግን አልረፈደም። መጽሐፉን አስቀምጦ ተነስቶ ሊናገር ይችላል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ያ መጨረሻ ለአንባቢው ቅጠሉን ያቀብለው ነበር። አሁን ያወጣችሁት እሳቱ ራሱ ይጠፋል የሚል ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን የድምፅ መጽሐፉን ይመለከታል። ከአባሎቻችን አንዱ ዓይናቸው ማንበብ አይችልም። ሁሉንም መጽሐፍ የሚያዳምጡት ነው። የድሮው ትረካ ነበራቸው። ስልክ ቀይረው እንደገና ሊያወርዱት ሲሞክሩ አጡት። የቀረው የአዲሱ እትም ትረካ ብቻ ነው። እኛ የድሮውን ቅጂ መደርደሪያችን ላይ ፈልገን ማግኘት እንችላለን። እሳቸው አይችሉም። ገንዘብ ከፍለው የገዙት ታሪክ መጨረሻው ተወስዶባቸዋል። አሁን በየሳምንቱ አንዳችን ተራ ገብተን የመጨረሻውን ምዕራፍ ከወረቀት እናነብላቸዋለን። በድምፅ ስናነበው በሩ ላይ ያለችው ቃል ጋ ስንደርስ ሁላችንም ቀስ እንላለን። ይህን የማድረግ ግዴታ ግን የእኛ መሆን አልነበረበትም።

ስለ ሽፋኑ ጀርባ ብዙ አልልም። «እውነተኛ ፍቅር ሁሌም እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ልብ የሚያሞቅ ታሪክ» ይላል። ደራሲው የጻፉት ተቃራኒውን ነው።

ከእናንተ በኩል የሰማናቸው ሁለት ነጥቦች ስላሉ እነሱንም ላንሳ።

አንዱ በጽሑፍ መልሳችሁ ላይ «ማሻሻያው የተደረገው በመብቱ ባለቤቶች ስምምነት ነው» የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። እኛ ፍርድ ቤት የምንሄድ ሰዎች አይደለንም። ግን ገንዘብ የሚያስገኘው መብት አንድ ነገር ነው፤ የደራሲው ስምና ክብር ሌላ ነገር ነው። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል እ.ኤ.አ. በ1928 ሮም ላይ ሲሻሻል ይህን ለይቶ አስቀምጦታል። ደራሲ የመሸጥ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍም እንኳ ክብሩንና ስሙን በሚጎዳ መንገድ ሥራው እንዳይቀየርበት የመቃወም መብት አለው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። መጽሐፍ ሲሸጥ የደራሲው ቃል አብሮ አይሸጥም። ደራሲው ዛሬ መቃወም አይችሉም። ስለዚህ አንባቢዎቻቸው እየተቃወምን ነው።

ሌላው በስልክ ያገኘናቸው ሠራተኛችሁ ያሉን ነው። «ትልልቅ ደራሲዎችም መጨረሻ ቀይረዋል» አሉን። ትክክል ናቸው። ቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» የተባለውን ልብ ወለድ መጀመሪያ የጨረሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ ፒፕና የሚወዳት ኤስቴላ ለአፍታ ተገናኝተው በሚለያዩበት መንገድ ነው። ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን የሚባለው ደራሲ ወዳጁ ቀይረው ሲለው ቀየረው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1861 የወጣው በተስፋ በሚያልቀው መጨረሻ ነው። ግን ልብ በሉ። የቀየረው ዲከንስ ራሱ ነው። የድሮው መጨረሻም አልጠፋም። ከሞተ በኋላ ወዳጁ ጆን ፎርስተር በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አወጣው። ዛሬ ብዙ እትሞች ሁለቱንም ይዘው ነው የሚታተሙት። አንባቢው አይቶ ይመርጣል። እኛ የምንጠይቃችሁም ይህንኑ ነው።

ለእናንተ ሥራ የሚቀርበው ምሳሌ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1681 ናሁም ቴት የሚባል ሰው የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» እንደገና ጻፈው። ሼክስፒር ካረፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በቴት ተውኔት የንጉሡ ልጅ ኮርዴሊያ አትሞትም፤ ኤድጋርን ታገባለች። ተመልካቹ ወደደው። ዊልያም ማክሬዲ የሚባለው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1838 የሼክስፒርን ተውኔት እስኪመልስ ድረስ ከ150 ዓመት በላይ የእንግሊዝን መድረክ የያዘው በዋናነት የቴት ሥራ ነበር። ይህ ታሪክ ላይ አንድ አርታኢ አለ። ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። የኮርዴሊያ ሞት በወጣትነቱ በጣም ስላስደነገጠው፣ የሼክስፒርን ሥራዎች የማረም ኃላፊነት እስኪወስድ ድረስ የመጨረሻዎቹን ትዕይንቶች ደግሞ ለማንበብ አለመድፈሩን ጽፏል። ተመልካቹ የቴትን መጨረሻ መምረጡንም አልነቀፈም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1765 እትሙን ሲያወጣ ያሳተመው ሼክስፒር የጻፈውን ነው። ኮርዴሊያ ትሞታለች። ልቡ እየተሰበረ ሥራውን ሠራ። አርታኢ ማለት ለእኛ ይህ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ከ22ታችን 4ቱ አዲሱን መጨረሻ ወደውታል። አንዷ «በኑሮዬ በቂ ሐዘን አለ፤ መጽሐፍ ላይ ልረፍ» ብላለች። እንረዳታለን። ስለዚህ 6ቱ ገጾች ይቃጠሉ አላልንም። ማን እንደጻፋቸው ይነገረን ነው ያልነው። እነዚህ 4 አባላትም ደብዳቤው ላይ ፈርመዋል።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ቀጣዩ ኅትመት ሲወጣ ደራሲው የጻፉት መጨረሻ ወደ ቦታው ይመለስ። አዲሱን መጨረሻ ማቆየት ከፈለጋችሁ መጽሐፉ ካበቃ በኋላ አባሪ አድርጋችሁ፣ የጻፈውን ሰው ስም አስፍራችሁ አሳትሙት።

እስከዚያው መጋዘን ውስጥ ባሉት ቅጂዎች ላይ የመጨረሻው ምዕራፍ የደራሲው አለመሆኑን የሚናገር አጭር ማስታወሻ ይለጠፍ። አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል።

የድሮው የድምፅ ትረካ ይመለስ። ቀድሞ የገዙት ሰዎች ድጋሚ ሳይከፍሉ ያግኙት። በዚህ ላይ እባካችሁ አትዘግዩ። የሚያዳምጡት አባላችን 78 ዓመታቸው ነው።

አዲሱን እትም ሳያውቁ የገዙ አንባቢዎች የድሮውን መጨረሻ ከፈለጉ በነጻ የሚያገኙበት መንገድ ይኑር። ገጹ 3 ነው።

ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ይቀየር።

በመጨረሻም ስሙን ባሰፈረ ሰው የተፈረመ መልስ እንጠብቃለን። የመጣልንን መልስ በሚቀጥለው ወር ስብሰባችን ላይ ለአባላቱ አነብላቸዋለሁ። ያ ወጣትም ይኖራል። እኚያ እናትም እመጣለሁ ብለዋል።

የድሮው ቅጂ በእጃችሁ ከሌለ እኛ ጋ 11 አሉ። ለማመሳከሪያ አንዱን እናውሳችኋለን። የመጨረሻው ገጽ ትንሽ ረጥቦ ደርቋል፤ ቃሏ ግን በደንብ ትነበባለች።

ከአክብሮት ጋር፣

የንባብ ክበቡ ጸሐፊ
በ22ቱ አባላት ስም